ጠቅ ሲል በቃ

የዳሽቦርድ መብራት እንደ ቀለሙ ነው የሚፈራው። ቀይ ሲበራ ሰው ይደነግጣል፤ ዳር ይይዛል፤ ኮፈን ይከፍታል፤ ስልክ ይደውላል። ቢጫ ሲበራ ግን አበሻ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ምንም አይደል፤ እኔ እኮ በሷ ሦስት ዓመት ነድቻለሁ» ይላል። ሌላው ወገን መብራቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር ይለጥፍና ጉዳዩን በዚያው ይዘጋዋል። (ፕላስተር የለጠፈ ሰው በዓይናችን አይተናል። ስሙን አንጠራም፤ የልጁ ሠርግ ደርሷልና ከጥሪው መቅረት አንፈልግም።)

እኛ ባለፈው ዓመት ሳንወድ በግድ ሦስተኛ ወገን መሠረትን። ይኸውም «ይቺ መብራት ለምንድን ነው የምትመላለሰው?» ብሎ የሚጠይቅ ወገን ነው። ዛሬ የምናወራችሁ ይህንኑ ነው። ስለ መኪና የማያገባችሁም ታገሱን፤ ነገሩ መጨረሻው ላይ መኪና ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ትውውቅ። «እኛ» ስንል እኅትና ወንድም ነን። አንዷ ጋዜጠኝነት ተምራ ዲግሪዋን እማዬ ሳሎን ሰቅላላታለች። ሌላው ገና ኮሌጅ ነው። የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ከአባዬና ከእማዬ ጋር ነው። መኪናዋ የአባዬ ናት። የ2004 ሞዴል ፒካፕ ስትሆን ከሁለታችን ታናሽ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። የሠራት ፋብሪካ ማን እንደሆነ አንጽፍም፤ የምንነግራችሁ በሽታ የየትኛውም ፋብሪካ የቤንዚን መኪና ሊይዘው የሚችል ነው።

አባዬ በዚህች ፒካፕ እንጀራ ያደርሳል። ሌሊት አሥር ሰዓት ይነሳል፤ ከመጋገሪያው ካርቶኑን ይጭናል፤ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ላሉ የአበሻ ሱቆች ያከፋፍላል። ስለዚህ የቤታችን እንጀራ፣ በሁለቱም ትርጉሙ፣ እሷ ላይ ነው የተጫነው።

በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ የቤንዚን መኪና በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ማለፍ አለበት። ሰው «ኤሚሽን» ይለዋል። ካላለፈ ምዝገባው አይታደስም። (አባዬ ምዝገባውን እስከ ዛሬ «ቦሎ» ነው የሚለው።) 25 ዓመት የሞላቸው መኪናዎች ከምርመራው ነፃ ናቸው፤ የእኛዋ ግን ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት ይቀሯታል። ቼክ ኢንጂን በርቶ ምርመራ መሄድ ማለት ወድቆ መመለስ ማለት ነው። የእኛ ቦሎ የሚያልቀው በኖቬምበር መጨረሻ ነበር።

ክዳን፣ ቫልቭ፣ ሌላ ቫልቭ

መብራቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የበራችው ጁን ላይ ነው። አባዬ መለዋወጫ መሸጫ ሄዶ አስነበባት፤ ኮዱን በነፃ ነው የሚያነቡት። ፒ0455 የሚል ወረቀት ይዞ መጣ።

እነዚህ ኮዶች እንደሚመስሉት የአስማት ድግምት አይደሉም። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ የቤት መኪናዎችና ቀላል ጭነት መኪናዎች በሙሉ አንድ ዓይነት የኮድ ቋንቋ እንዲናገሩ ግዴታ ሆኗል። «ፒ» ጉዳዩ የሞተርና የማርሽ ወገን መሆኑን ይናገራል። ዜሮው ኮዱ የሁሉም ፋብሪካዎች የጋራ ኮድ መሆኑን ያሳያል። «4» የጭስና የትነት መቆጣጠሪያ ክፍሎችን ይጠቁማል። የቀሩት ሁለት ቁጥሮች ዝርዝሩን ይሰጣሉ። ፒ0455 ሲተረጎም «ከቤንዚን ትነት መያዣው ላይ ሰፊ መፍሰስ አለ» እንደማለት ነው።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የቤንዚን ክዳኑን ነው፤ ጥርጣሬውም ትክክል ነው። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ክዳኑ ሳይጠብቅ ሲቀር ይኸው ኮድ ይመጣል። አዲስ ክዳን ተገዛ፤ ኮዱ ተሰረዘ። ሃያ ቀን ሰላም ሆነ። በሃያ አንደኛው ቀን መብራቷ ተመልሳ መጣች።

አባዬ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ፐርጅ ቫልቭ የሚባለውን ለወጡለት። ወር ከምናምን ደህና ሆነች። ሴፕቴምበር ላይ እንደገና በራች፤ ኮዱ ግን ተቀይሮ ፒ0441 ሆኗል። ወደዚያው ጋራዥ ተመለሰ። አሁን ደግሞ የአየር ማስገቢያውን ቫልቭ ለወጡለት። ኦክቶበር ላይ መብራቷ እንደ ቤት ኪራይ ሰብሳቢ ቀኗን ጠብቃ መጣች።

በዚህን ጊዜ ነው አንድ የአባዬ ወዳጅ ስካነሩን ይዞ ከተፍ ያለው። «ኮዱን አጥፋና መብራቱ ሳይመለስ ሮጠህ ምርመራ ግባ!» አለው። አጠፉ፤ ሮጡ። መርማሪው ገመዱን ሰክቶ ኮምፒዩተሩን አየና «አልተዘጋጀችም» ብሎ መለሳቸው።

ይህን ለማታውቁት እናስረዳ። ኮድ ሲሰረዝ የመኪናዋ ኮምፒዩተር እስከዚያ ራሱን የፈተነበትን ውጤት ሁሉ አብሮ ይረሳል። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ የኦክስጅን ሴንሰሮቹን፣ የትነት መያዣውን እንደ አዲስ መፈተን አለበት። ፈተናውን ሳይጨርስ ምርመራ የሄደ መኪና አያልፍም፤ ወላጅ ሳይፈርምበት ሰርተፊኬት እንደሚመልስ ተማሪ በመጣበት ይመለሳል። ከ2001 ሞዴል ወዲህ ላሉ መኪናዎች አንድ ፈተና ብቻ ሳይጠናቀቅ ቢቀር ይታለፋል። ይቺን ሲሰማ ሁለተኛ መካሪ መጣ። «እንግዲያው የትነቱን ፈተና ሳይጨርስ ሌሎቹን ብቻ አስጨርሳችሁ ግቡ፤ ቦሎውን ካወጣችሁ በኋላ እግዜር ያውቃል።»

ምክሩ እውነት አለው። እንደዚያ አድርገው የሚያልፉ ሰዎች አሉ። እኛም አስበንበታል፤ ጊዜው እየጠበበ ነበር። አባዬ ግን ሻዩን አስቀምጦ «ሁለት ዓመት ሙሉ ከመብራት ጋር ድብብቆሽ ልጫወት?» አለ። በዚያው ሳምንት ደግሞ መኪናዋ ከነጭነቷ ማደያ ውስጥ አልነሳም ብላ ሃያ ደቂቃ አስቆመችው። እንጀራ ጠዋት ካልደረሰ ሱቁ ሌላ አከፋፋይ ይደውላል። መብራቷን መደበቅ ይቻላል፤ መኪናዋ አልነሳም ስትል ግን መደበቂያ የለም።

ለቡና ያልሆነ ከሰል

ስለዚህ ቁጭ ብለን አነበብን። ካነበብነው ውስጥ እናንተንም ይገርማችኋል ብለን ያሰብነውን እነሆ።

ቤንዚን ሳይነድም ይበክላል። መኪናው ቆሞ ፀሐይ ሲመታው ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ቤንዚን ይተናል። ትነቱ አየር ላይ ወጥቶ ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሲገናኝና የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው መሬት አጠገብ ኦዞን ይፈጠራል። ላይ ሰማይ ላይ ያለው ኦዞን ጋሻችን ነው፤ እታች ያለው ግን ሳንባ ይለበልባል። የሎስ አንጀለስ ጉም መነሻው ይህ መሆኑን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያሳየው አሪ ሃገን-ስሚት የተባለ ሆላንዳዊ ተወላጅ ኬሚስት ነው። ከዚያ ወዲህ ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል፣ መላው አሜሪካ ደግሞ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ መኪናዎች ትነታቸውን እንዲይዙ አስገደዱ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ፣ በሙቀት ወራት «ዛሬ የአየሩ ጥራት ኮድ ኦሬንጅ ነው፤ አስም ያለበት ሰው ውጪ አይቆይ» ሲባል ሰምታችኋል። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለዚሁ ኦዞን ነው። አባዬ በእነዚያ ቀናት መስኮት ከፍቶ ነው የሚነዳው፤ የመኪናዋ ኤሲ ከሞተ ቆይቷል።

ትነቱ የሚያዘው በምን መሰላችሁ? በከሰል! ሰልባትዮው ከአንድ የላስቲክ ሣጥን ጋር በቱቦ ይገናኛል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የተለየ አሠራር ያለው ከሰል ነው፤ ከእንጨት ወይም ከኮኮናት ቅርፊት ይሠራል። ቀዳዳው እጅግ ደቃቅና ብዙ ስለሆነ የአንድ ግራም ከሰል ውስጠኛ ገጽ ቢዘረጋ ከ500 ካሬ ሜትር ይበልጣል። ቡና ቢፈላበት ያሳዝናል፤ የቤንዚን ትነት ለመምጠጥ ግን ወደር የለውም።

ሞተሩ ሲጠፋ ትነቱ ሄዶ ከሰሉ ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ተነስቶ ሲሞቅ ደግሞ ፐርጅ ቫልቩ ይከፈታል። ሞተሩ ንጹሕ አየር በከሰሉ ውስጥ አሳልፎ ይስባል፤ የተለጠፈው ትነት ከአየሩ ጋር ሄዶ ይነዳል። ምንም ነገር አይባክንም። እማዬ ይህን ስናስረዳት «እንዴ፣ ቆጣቢ ናታ!» አለች፤ ከእማዬ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

ኮምፒዩተሩ ደግሞ መያዣው እንዳይቀድ ይጠብቃል። አልፎ አልፎ የአየር ማስገቢያውን ዘግቶ፣ በፐርጅ ቫልቩ በኩል ጥቂት አየር አስመጥጦ፣ ሁሉንም ይዘጋና ይጠብቃል። የተመጠጠው አየር ቦታው በፍጥነት ከተሞላ «የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ» ይላል። ሕጉ ከ2000 ሞዴል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል ቀዳዳ እንኳ እንድትያዝ ይጠይቃል።

ይህን ፈተና ግን ባሻው ሰዓት አያደርገውም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ማደር አለበት። ሰልባትዮው ጢም ያለም፣ የደረቀም መሆን የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካልወደቀ መብራቷን አያበራም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ብልሽቱ ሰኞ ተፈጥሮ መብራቷ ዓርብ ልትበራ ትችላለች። ዳሽቦርዱ የሚያነብልን የሳምንቱን ዜና ነው።

ዋናው ምስክር

ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚነገር ነገር አለ። ጥቆማ ዜና አይደለም። ስልክ ደውሎ «እገሌ ሌባ ነው» ያለ ሰው ሥራ አስጀመራችሁ እንጂ ሥራ አልጨረሰላችሁም። የመኪና ኮድም እንደዚያው ነው። ፒ0441 «የፐርጅ ፍሰቱ ልክ አይደለም» ይላል እንጂ «ፐርጅ ቫልቩን ለውጥ» አይልም። ጋራዡ ኮዱን እንደ ፍርድ ወስዶ ፈረደ፤ አባዬ ከፈለ።

ሌላም ትምህርት አለ፤ ቦታው ላይ የነበረውን ሰው ጠይቅ። ጋራዡ ኮምፒዩተሯን እንጂ ሹፌሯን የጠየቀ አልነበረም። እኛ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደብተር ዘርግተን አባዬን ፊት ለፊታችን አስቀመጥነው።

«አባዬ፣ መብራቷ ስትበራ ምን ትሆናለች?»

«እኔ መብራት አላይም። ጆሮዬን ነው የማምነው።»

«እሺ፣ ጆሮህ ምን ሰማ?»

«ቤንዚን ቀድቼ ስነሳ ታስነጥሳለች። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ትንሽ ትንተባተባለች፤ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግላት ትነሳለች። ከዚያ ደህና ናት።»

«ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሳስ?»

«ጠዋት እንደ ሰዓት ናት። ስቀዳ ብቻ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ! መብራቱ ገና ሳይመጣ።»

ተያየን። ከፋሲካ በፊት ማለት ከመጀመሪያው ኮድ ሁለት ወር ቀድሞ ነው። ቤንዚን ሲቀዳ ሰልባትዮው ውስጥ የነበረው ትነት ተገፍቶ ወደ ከሰሉ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ፐርጅ ቫልቩ ዝግ መሆን አለበት። ክፍት ሆኖ ከተገኘ ያ ሁሉ ትነት በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ ሞተሩ በቤንዚን ታፍኖ ያስነጥሳል። አባዬ በጆሮው የሰማው ይህንን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ መኪናዋ ውስጥ ገባ። አምስት ዓምድ ሠራንለት፦ ቀን፣ የቤንዚን መጠን፣ አየሩ፣ ኮዱ፣ «አባዬ ምን አለ»። በሦስት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ፈጦ ወጣ። ማስነጠሱ የሚመጣው ሁልጊዜ ማደያ ላይ ነው። መብራቷ ደግሞ ከማደያው ሦስት አራት ቀን ዘግይታ፣ ቤንዚኑ ወደ ግማሽ ሲወርድ ትበራለች። ሙቀትም ብርድም አልለወጠውም። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ቫልቩ ኦገስት ላይ አዲስ ከነበረ በሁለት ወር ውስጥ ምን ከፍቶ ያዘው?

ጥቁር አዝሙድ

ደብተሩን ይዘን የሄድነው ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ከሰው ጋራዥ ውስጥ አንድ ጥግ ተከራይተው ወደሚሠሩ አበሻ መካኒክ ዘንድ ነው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ስካነራቸውን ከማንሳታቸው በፊት ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው «ይኼን የጻፈው ማነው?» አሉ። «እኛ» አልን። «ጎበዞች!» አሉና ካቻቢቴያቸውን አነሱ።

ፐርጅ ቫልቩን ፈቱት። ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ዝግ መሆን ያለበት ዕቃ ነው። ትንሽ ቱቦ ሰክተው በፓምፕ አየር ላኩበት፤ አየሩ በወዲያኛው በኩል ፉት እያለ ወጣ። አልተዘጋም። ከዚያ ነጭ ፎጣ ዘርግተው ቫልቩን ሁለቴ ቆጋ ቆጋ አደረጉት።

ጥቁር ፍሬዎች ረገፉ። ደቃቅ፣ ማዕዘን ያላቸው፣ ቁጭ ጥቁር አዝሙድ!

«ዳቦ ላይ ቢሆን ያምር ነበር» አሉ መካኒኩ። «ይኼ የከሰሉ ፍሬ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ተሰባብሯል። ሞተሩ በሳበ ቁጥር አብሮ ይመጣና ቫልቩ አፍ ላይ ይቀረቀራል። ቫልቩን ለወጡላችሁ፤ ከሰሉ ደግሞ አዲሱንም መጥቶ ሞላው። አሥር ቫልቭ ብትገዙ አሥሩንም ይበላዋል።»

ያን ጊዜ ወራቱ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። አዲስ ቫልቭ፣ ጥቂት ሳምንት ሰላም፣ የከሰል ፍሬ፣ ክፍት ቫልቭ፣ ማስነጠስ፣ መብራት። ኮዶቹ የተለያዩት ፍሬው አንዳንዴ ቫልቩን በትንሹ፣ አንዳንዴ በሰፊው ከፍቶ ስለሚይዘው ነው። ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜ «ቀዳዳ አለ»፣ አንድ ጊዜ «ፍሰቱ ልክ አይደለም» የሚለው ስለ አንዲቷ ፍሬ ነበር።

የተሠራው ሥራ ይህ ነው። የከሰሉ ሣጥን ተለወጠ። ቫልቩ ተለወጠ። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ከሁለቱም ጫፍ ተፈትቶ በአየር ተነፋ፤ ከዚያ የወጣው የከሰል ብናኝ እፍኝ ይሞላል። መስመሩ ሳይጸዳ ቢቀር የተረፈው ፍሬ አዲሱን ቫልቭ በሳምንቱ ያበላሸው ነበር። በመጨረሻም የጢስ ማሽን አምጥተው መያዣውን በጢስ ሞሉት፤ ከየትም አልወጣም። መለዋወጫውና የእጅ ዋጋው አንድ ላይ ከ400 ዶላር ትንሽ አለፈ። እስከዚያ ድረስ ለክዳን፣ ለሁለት ቫልቭና ለሁለት ጊዜ ምርመራ የወጣው ከዚህ ይበልጣል።

ሰልባትዮው አንገቱ ድረስ

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ግን ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው።

መካኒኩ እጃቸውን እየጠረጉ ወደ አባዬ ዞሩ። «ወንድሜ፣ ቤንዚን ስትቀዳ ማሽኑ ጠቅ ብሎ ከቆመ በኋላ ትጨምራለህ?»

አባዬ ዝም አለ።

«ትጨምራለህ አይደል?»

«ትንሽ» አለ አባዬ። «ሦስት አራት ጊዜ። እስኪሞላ።»

ማደያው ጠቅ ብሎ የሚቆመው ሰልባትዮው ለትነት የተተወለት ክፍት ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በላይ ሲጨመር ፈሳሹ ቤንዚን በትነቱ መንገድ ሄዶ ከሰሉ ሣጥን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከሰሉ የተሠራው ለትነት እንጂ ለፈሳሽ አይደለም። ፈሳሽ ሲያጥለቀልቀው ይበላሻል፤ ከዕድሜና ከመንገጫገጭ ጋር ተደምሮ ይፈረካከሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት «ጠቅ ካለ በኋላ አትጨምሩ» ብሎ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጸጥታ ነበር። ታናሽየው ቀልድ ሊጀምር ሲል በክርን ጎሸም ተደረገ። 400 ዶላር ለአባዬ ስንት ሌሊት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። መንገዱ አጋማሽ ላይ አባዬ ራሱ ጀመረ።

«ሰልባትዮ አንገቱ ድረስ ካልሞላ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ።

ወጣት ሳለ አባዬ የአሰብ መስመር ረዳት ነበር። በኤንትሬ። ወሬውን በቁንጽል ሰምተነው እናውቃለን፤ እንደዚያ ቀን ግን ነግሮን አያውቅም። የአፋር በረሃ ውስጥ ነዳጅ ያለቀበት መኪና ማለት ውኃ ያለቀበት ሰው ማለት እንደሆነ ነገረን። ሹፌሩ ቀጂው ላይ ቆሞ «ሙላው! ድገመው! አንገቱ ድረስ!» እያለ ይጮኽበት ነበር። ኋላም አዲስ አበባ ቤንዚን በኩፖን በነበረበት ጊዜ ተሰልፎ ያገኘውን ሁሉ ጠብታ ሳያስቀር መውሰድ ብልህነት ነበር። ኤንትሬ የናፍጣ መኪና ነው፤ የከሰል ሣጥን የሚባል ነገር የለውም። እዚያ መንገድ ላይ አንገቱ ድረስ መሙላት ሕይወት አድኗል።

ልማዱ ከአባዬ ጋር ውቅያኖስ ተሻገረ። ማደያ በየማዕዘኑ ባለበት አገር፣ ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለፈው የአንድ ሹፌር ድምፅ አሁንም «ድገመው!» ይለዋል። እኛ የያዝነው ጥፋተኛ ጥፋተኛ ሆኖ አልታየንም። አንድ ቦታ ላይ ትክክል የነበረ እጅ ሌላ ቦታ ሲሄድ ማንም «እዚህ አይሆንም» ብሎ አልነገረውም።

ቤታችንን ዞር ብለን ስናይ ደግሞ ይቺ «ድገመው» ብዙ ቦታ አለች። እማዬ ፍሪዘር ውስጥ የሦስት ዓመት በርበሬ አለ። ምድር ቤት የጤፍ ጆንያ ላይ የጤፍ ጆንያ ተደራርቧል። እንግዳ መጥቶ ሳህኑ ላይ «በቃኝ» ሲል ሦስት ጊዜ ይጨመርበታል። ብዙ ጊዜ እንስቃለን፤ የእኛ ትውልድ የወላጆቹን ክምችት ፎቶ እያነሳ ይለጥፋል። ግን እያንዳንዱ ጆንያ ሥር አንድ ያለቀበት ቀን አለ። ያንን ቀን ሳንጠይቅ ጆንያው ላይ ብቻ መሳቅ ኮዱን አንብቦ ቫልቭ እንደመለወጥ ነው።

እና አሁን

ከጥገናው በኋላ ለአራት ቀን ደብተሩ እንዳዘዘ ተነዳች። ማታ ቀዝቅዛ አደረች፤ ቤንዚኗ ከሩብ በላይ፣ ከሦስት ሩብ በታች ሆነ፤ ከተማም አውራ ጎዳናም ሄደች። ኮምፒዩተሩ የትነቱን ጨምሮ ሁሉንም ፈተና ጨረሰ። ቦሎው ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው አለፈች። ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል፤ «አባዬ ምን አለ» በሚለው ዓምድ ሥር ያለው በየሳምንቱ አንድ ቃል ነው፦ «ደህና»።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡን «ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው» እንዳትሉ። ከጃፓንና ከዱባይ የገቡት የቤንዚን የቤት መኪናዎች አብዛኞቹ ይቺን የከሰል ሣጥን ይዘው ነው የመጡት። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ብትከለክልም ቀድመው የገቡት ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ሰልፍ ተሰልፎ ቤንዚን ያገኘ ሰው «ሙላልኝ፣ እስከ አፉ» ቢል አንፈርድበትም፤ አባታችንን እናውቃለንና። ሆኖም ቀጂው ጠቅ ሲል «በቃ» በሉት። ከማደያ ስትነሱ መኪናችሁ ካስነጠሰች ካንዴላ ከመለወጣችሁ በፊት ፐርጅ ቫልቩን ፈትታችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፉት። ጥቁር አዝሙድ ከወደቀ ቫልቩን ብቻ አትግዙ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የሚነዳትን ሰው ጠይቁት፤ ከፋሲካ በፊት የሰማው ነገር ይኖራል።

ቸር ያሰንብተን።